ቤት አምስት

ኢንጂነሯን ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የቀለም ሽታ ነው። እዚያ ቤት ቀለም የሚሸተው ትልቅ እንግዳ ሲጠበቅ ብቻ ነበር፤ ትልቅ እንግዳ ደግሞ ከመጣ ዘመን አልፏል። ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወደ ሳሎን ብቅ ስትል የአጎቷ ሚስት በርጩማ ላይ ቆመዋል፤ ጸጉራቸውን በፌስታል ሸፍነው ከሶፋው በላይ ያለውን ግድግዳ በሰፊ ብሩሽ ወደ ላይ ወደ ታች ይሉታል። ሶፋው አሮጌ አንሶላ ለብሷል። ከኮርኒሱ ጥግ ተነስቶ እስከ ሶፋው ጀርባ ድረስ እንደ ተቆጣ ሰው የግንባር ሥር ተጋድሞ የከረመው ስንጥቅ የለም። በጀሶ ተደፍኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ፣ በክሬም ቀለም ተለብጦ ግድግዳው ትናንት የተሠራ መስሏል።

«ምነው እትዬ፣ በዚህ ሌሊት?»

«ምን ሌሊት አለ፣ ነግቷል» አሉ እትዬ ዘወር ሳይሉ። «ሰው ፊት ልትቀርቢ አይደል እንዴ? አስተማሪዎችሽ ‹ይቺ ልጅ ከየት ዋሻ ወጣች› እንዲሉሽ ነው የምትፈልጊው?»

ሰው ቤቱን ለማሳመር ጎህ ሳይቀድ መነሳቱ ምን ክፋት አለው? የልጅቷ ዓይን ግን የሚፈልገው ሌላ ነገር ነበር። ስንጥቁ መሀል ላይ፣ በቆመ ሰው ትከሻ ልክ፣ ጣት የምታህል ስስ የብርጭቆ ቁራጭ ግራና ቀኟን በጀሶ አጣብቃ ነበር። ቀኑንም በማርከር ጽፋባታለች። አሁን ስንጥቁም የለ፣ ብርጭቆዋም የለች።

«ብርጭቆዋስ እትዬ?»

«የትኛዋ?»

«እዚህ ጋ የለጠፍኳት።»

«እ… እሷማ ስፍቅ ተሰበረች። ጣልኳት» አሉ እትዬ፤ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክረው ከዚህ በፊት ሁለቴ የቀቡትን ያንኑ ቦታ እንደገና ይቀቡት ጀመር።

ኢንጂነሯ ገና ተማሪ ናት። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ ከፊሉ በፍቅር፣ ከፊሉ በቧልት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት አጎቷ ናቸው። አጎቷ ዕድሜያቸውን አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ ያጠራቀሟትን ሁሉ እዚህች ቤት ላይ አፍስሰው፣ አሁን ጡረተኛ ሆነው በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚያልፍ የሚያገድመውን መኪና ማርሽ በጆሯቸው የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። ልጅቷ ልትመረቅ የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጥናት ጽሑፏን በቪዲዮ አቅርባ ከመምሸቱ በፊት መላክ። የመምህሯ ትእዛዝ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ፊት መታየት አለበት፤ ቀረጻው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ወጥ ይሁን፤ የተቆረጠና የተቀጠለ አይታይም። ከዚህ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ሌላ ሰው እያስወሩ ከንፈራቸውን ብቻ ሲያንቀሳቅሱ ተይዘዋልና ነው። ዛሬ ካልላከች ጓደኞቿ ሲመረቁ ታጨበጭባለች።

ጥናቱ ስለ ጉድጓዱ ነው። ጉድጓዱ ከቤታቸው አጥር ማዶ፣ በቆርቆሮ ታጥሮ፣ ለትልቅ ሕንፃ መሠረት እየተባለ ቀን ከቀን የሚቆፈር ነው። ከተጀመረ ወዲህ በዳርቻው ያሉ ቤቶች ሁሉ ይሰነጠቁ ጀመር። እሷም አምስት ቤቶች መረጠች፤ የባለቤቶቹን ስም ላለመጥቀስ ቁጥር ሰጠቻቸው፤ በየስንጥቁ ላይ ብርጭቆ ለጠፈች። ነገሩ ቀላል ነው። ግድግዳ ሲንቀሳቀስ ዓይን አያየውም፤ ብርጭቆ ግን መለጠጥ ስለማያውቅ ቶሎ ይናገራል። ሙሉ ከሆነ ግድግዳው ቆሟል፤ ከተሰበረ እየሄደ ነው። ይህን ለእትዬ በዚያው ሰሞን አስረድታቸዋለች። «ይቺ የተሰበረች ቀን እትዬ፣ እዚህ ቤት አናድርም» ብላቸዋለች። እትዬም «አንቺ ደግሞ ሟርት አታብዢ» ብለው አልፈዋል።

ቤት አራት የጡረተኛዋ ነርስ ቤት ነበር። ነርሷ ግድግዳቸው ሲሰነጠቅ እንደ ደንቡ ማዘጋጃ ቤት ሄደው አመለከቱ። ማዘጋጃ ቤት ለሌላ ነገር ሲለመን ወር ይፈጃል፣ ለዚህ ግን በነጋታው መጣ። አየ፣ ለካ፣ የግቢውን በር በቀይ ቀለም አቋርጦ መሰረዣ ምልክት አደረገበትና «ለደህንነትዎ ሲባል ይውጡ» አላቸው። ካሳ የሚባል ነገር የለም። ጉድጓዱም አንድ ቀን አልቆመም። ነርሷ አሁን እህታቸው ቤት ኮሪደር ላይ ነው የሚተኙት። ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ሕመሙን የተናገረ ከነአልጋው ሲወጣ ያየ ሰፈር ግን ተረቱን ወደ ጎን ብሎ ጀሶ መግዛት ያዘ። ከዚያ ወዲህ ስለ ስንጥቅ የሚያወራ ጠፋ። ቤት አምስት የማን እንደሆነ ደግሞ ከልጅቷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አጎቷ ከመኝታ ቤት ሲወጡ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ግራጫውን፣ የጡረታቸው ቀን የለበሱትን። ክራባት አስረዋል፤ ጫማቸው ያበራል።

«ጋሼ፣ የት ሊሄዱ ነው?»

«የትም» አሉ፤ ትንሽ አፈሩ። «ተማሪ መጨረሻ ላይ የሚያመሰግነው ሰው አለ ይባላል። ድንገት ብታስፈልጊኝ ብዬ ነው። ካላስፈለግሁም ግድ የለም።»

ምስጋናው እውነትም ተጽፏል፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ከእሱ በፊት ያለው ገጽ ግን ቤት አምስት ነው። እስከዛሬ ልንገራቸው ስትል ነገ፣ ነገ ስትል ሌላ ቀን፣ እንዲህ እያለች እዚህ ደርሳለች።

ዝግጅቱ ረፋዱን ፈጀ። ሶፋው ከአንሶላው ወጣ፤ እትዬ በእጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል በጀርባው ላይ አነጠፉበት። በጓሮ በኩል ያለችውን ክፍል የተከራየችው ልብስ ሰፊ ጨቅላዋን አዝላ መጣችና የመተኮሻ ጠረጴዛዋን ለስልኩ መቆሚያ አመጣች። የልጅቷን ኮት ትከሻ በመርፌ ቁልፍ ሰብሰብ አደረገችላት፣ አገጯን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረቻት፤ «ፊትሽን ወደ ብርሃኑ። እንዲህ። አሁን ሙሽራ መሰልሽ እንጂ ኢንጂነርስ አልመሰልሽም» ብላ አሳቀቻት። የልብስ ሰፊዋ ክፍል ለብቻው የቆመ እንዳይመስላችሁ። የሳሎኑ ግድግዳ ነው ወደ ጓሮ ቀጥሎ የእሷም ግድግዳ የሚሆነው፤ የጨቅላዋ አልጋ እሱን ተደግፎ ነው ያለው።

የመጀመሪያው ሙከራ ከንቱ ሆነ። ማሽኑ ከአጥሩ ማዶ ሲያጓራ የልጅቷ ድምፅ ውኃ ውስጥ ያለ ሰው ድምፅ ሆነ። በየመሀሉ የማሽኑ አካፋ አለት ሲመታ መስኮቱ ይርገበገባል፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ፈንጠር ፈንጠር ይላል። ስለዚህ ኮቷን እንደለበሰች ወጥታ የቆርቆሮውን በር አንኳኳች።

ፎርማኑ መልካም ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። ቆቡን አውልቆ አዳመጣት። እሷም አፏ እንዳመጣላት ሁለቱንም ነገረችው፤ ቀረጻ እንዳለባት፣ ግድግዳቸውም እንዲህና እንዲህ እንደሆነ፣ ጉድጓዱ ዳር ላይ ድጋፍ እንዳልተደረገ።

«ስሚኝ እህቴ» አላት ቀስ ብሎ፤ «ለድምፅሽ ከሆነ ምሳ ሰዓት ላይ ማሽኑን አጠፋልሻለሁ፤ ልጆቹ ረዘም አድርገው ይረፉ። ለግድግዳሽ ከሆነ ግን እኔ ምንም አላውቅም፤ ፈቃድ አለን። ማዘጋጃ ቤት ጠይቂ።»

«ቤት አራትን አይተሃል?»

«አይቻለሁ» አለና ቆቡን መልሶ ደፋ። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላያትም።

ስትመለስ እትዬና አጎቷ ላፕቶፑ ፊት ቁጭ ብለዋል። እሷ ሳትዘጋው ነው የሄደችው፤ እነሱ ደግሞ ለክፋት ሳይሆን ስማቸውን ምስጋናው ላይ ፍለጋ ገጹን ሲገፉ ሲገፉ እዚያ ደርሰዋል። በስክሪኑ ላይ ስንጥቁ በቅርብ ተነስቶ፣ ማስመሪያ ተደርጎበት፣ ከላይ በትልቁ «ቤት አምስት» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ከሁሉም የከፋ ጉዳት የደረሰበት፤ ነዋሪዎቹ በአስቸኳይ ሊወጡ የሚገባ» ተብሎ ተጽፏል። በፎቶው ታችኛው ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ነገር ገብታለች።

«ዳንቴሌ!» አሉ እትዬ። «ዳንቴሌ አይደለችም እንዴ ይቺ?»

አጎቷ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ፎቶውን አዩ፣ ሶፋውን አዩ። ልጅቷ በሩ ላይ እንደቆመች ኮቷ ጠበባት።

«አስተማሪሽ ይህን ካየች በኋላ ጽሑፍሽ ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉ አጎቷ።

«ለ… ዩኒቨርሲቲው ለማዘጋጃ ቤት ይልከዋል፣ ጋሼ። ጥናቱን ያዘዙት እነሱ ናቸው።»

«እነሱ ናቸው» አሉ አጎቷ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እንግዲህ ነርሷ በእግሯ ሄዳ ነው የጠራቻቸው። እኔ ግን አስተምሬ፣ ኮት አልብሼ ላስጠራቸው ነዋ።»

«ጋሼ፣ ግድግዳው እኮ…»

«ግድግዳው ተቀብቷል። አይታይሽም? ይቺ ቤት ከሄደች እኔ ምን አለኝ? እሷስ ምን አላት? ነርሷ እህት አላት፣ እኔ እህት የለኝም፤ እህቴ እናትሽ ነበረች።» ከዚያ ከተቀመጡበት ተነስተው ክራባታቸውን አጠበቁ። «ቤት አራት ላይ አቁሚ። ያለ አምስተኛውም ተማሪ ይመረቃል። ይህ ካልሆነ ግን ሌላ ቤት ፈልጊና እዚያ ተቀረጪ።»

ጀግና ብትሆን እምቢ ትል ነበር። ግን የበላችበት ቤት ነው፣ ያሳደጓት ሰው ናቸው፣ የለበሰችው ኮት እንኳን በእሳቸው ገንዘብ ነው የተገዛው። ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠችና ቤት አምስትን አጠፋችው። «አምስት ቤቶች» የሚለውን በየገጹ እየፈለገች «አራት ቤቶች» አደረገችው። እትዬ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «ጎሽ የኔ ልጅ» አሏት። ልጅቷ ግን ከራሷ ጋር ተጣላች፤ ጣቶቿ የሌላ ሰው ጣቶች መሰሏት።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ማሽኑ ጠፋ።

ጸጥታ ሲባል ታዲያ እንዲህ ያለ ጸጥታ! ሰፈሩ ማሽኑን ከለመደው ወዲህ ዝምታ ምን እንደሚመስል ረስቶት ኖሯል። ከሩቅ የሚስል ሰው ይሰማል፤ ከጓሮ የልብስ ሰፊዋ መኪና ጠቅ ጠቅ ሲል፣ ከዚያም እሷ ራሷ አስባ ስታቆመው ይሰማል። ኢንጂነሯ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ለአዲሱ ቀለም ሰጠች። ስልኩን በራሷ በኩል አዙራ የቀረጻውን ቁልፍ ተጫነች። ፊቷ በስክሪኑ ላይ ሞላ፤ ከኋላዋ ግድግዳው ንጹሕ ነው። አጎቷ በኮሪደሩ በር ላይ፣ ከካሜራው ውጭ፣ ሁለት እጃቸውን አነባብረው እንደ ታዛቢ ቆሙ። እትዬ ከእሳቸው ጀርባ።

ስሟን ተናገረች፣ የጥናቱን ርዕስ ተናገረች፣ ወደ ቤት አንድ ገባች። ድምጿ መጀመሪያ ላይ ተንቀጥቅጦ ነበር፣ ቤት ሁለት ላይ ረጋ። ቤት ሦስት ላይ ነው የሰማችው። ሻ… የሚል ነገር ነው፤ የጨው ብልቃጥ ሲነቀነቅ የሚሰማውን ያህል ብቻ። ከኋላዋ ነው። ከግድግዳው ውስጥ። አንደበቷ በቃሏ የያዘችውን እየተናገረ ጆሮዋ ወደ ኋላ ሄደ። ሻ… አሸዋ ነው። በብሎኬቱ ሆድ ውስጥ አሸዋ እየወረደ ነው። ማሽኑ እየጮኸ ስንት ቀን እንዲህ ሲወርድ ኖሮ ይሆን? ዓይኖቿን ከካሜራው ወደ ስክሪኑ አወረደች። ከቀኝ ትከሻዋ በላይ፣ ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ በተቀባው ቦታ ላይ፣ እርጥቡ ቀለም የጸጉር ያህል ተሰንጥቋል። ቀረጻውን ስትጀምር ያቺ ጸጉር አልነበረችም።

መናገሯን አቆመች። ስልኩ ይቀርጻል።

«እትዬ» አለች፣ ሳትዞር። «ብርጭቆዋን እርስዎ ነዎት የሰበሯት፣ ወይስ ተሰብራ ነው ያገኟት?»

«ነገርኩሽ እኮ። አሁን ሥራሽን…»

«እትዬ። የጨቅላዋ አልጋ እዚህ ግድግዳ ላይ ነው።»

አጥብቆ ጠያቂ የናቱን ሞት ይረዳል ይሉ የለ። እትዬ የበሩን መቃን ያዙ። «ውኃ ልጠጣ ተነስቼ» አሉ፤ «ገና አልነጋም። መብራቱን ሳበራው ለሁለት ተከፍላ አገኘኋት። ግማሿ ወድቃ ሶፋው ላይ ነበረች። ምን ላድርግ? አንቺ ‹አናድርም› ብለሻል። ሁላችሁም ተኝታችኋል። ቀለሙ ደግሞ ነበረ…» ከዚያ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑና እንደ ሕፃን አለቀሱ። ቀለም ሲቀቡ ያነጉት ለልጅቷ መልክ ብለው አልነበረም። ያዩትን ነገር ሌላ ሰው እንዳያየው፣ እሳቸውም ራሳቸው ደግመው እንዳያዩት ነው።

አጎቷ ሚስታቸውን አላዩም። ወደ ሶፋው መጡና «ተነሽ» አሏት ልጅቷን። ተነሳች። እሷ በተቀመጠችበት ቦታ ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተደላደሉ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ስልኩን ፊት ለፊት አዩት።

«ይቀርጻል?»

«ይቀርጻል፣ ጋሼ። ግን እባክዎ…»

«እኔ የዚህ ቤት ባለቤት ነኝ» አሉ ለስልኩ፤ ድምፃቸው ድሮ አውቶቡስ ውስጥ ተሳፋሪ ሲያስጠጉ የነበረው ድምፅ ነው። «ይህን ቤት ያሠራሁት በላቤ ነው። መሠረቱ ሲወጣ እዚሁ ነበርኩ። ብሎኬቱን በእጄ አቀብያለሁ። ቤቴ ምንም አልሆነም። ሴቶች ይደነግጣሉ፣ ሴቶችን አትስሙ። ልጄ ጎበዝ ተማሪ ናት፣ ትመረቅ። ስለ ቤቴ ግን የሚጠይቅ ካለ እኔን ይጠይቀኝ፤ እዚሁ ነው ያለሁት፣ ይኸው ተደግፌዋለሁ…»

የሚወርደው አሸዋ በግራጫው ኮት ትከሻ ላይ ነጭ ሆኖ ያርፋል። ፎረፎር የመሰላቸው ይመስል በእጃቸው ጠረግ አደረጉት። ደግሞ ወረደ። ደግሞ ጠረጉት። ሦስተኛ ሲጠርጉ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ወደቀ፤ ራሳቸውን አዩ፣ ከራሳቸው በላይ ደግሞ ጣት የሚያስገባ መስመር ከኮርኒሱ ወደ አናታቸው ሲወርድ አዩ። ንግግራቸው መሀል ላይ ቀረ። ፊታቸው ላይ የታየው ፍርሃት አልነበረም፤ ሐፍረት ነበር፣ ሰው ሁሉ ፊት ልብሱ የወለቀ ሰው ሐፍረት።

«ጨቅላዋን አውጡ» አሉ። ከዚያ ጮኹ፤ «ጨቅላዋን አውጡልኝ!»

ኢንጂነሯ ስልኳን ነጥቃ በጓሮ በር ሮጠች። ልብስ ሰፊዋ ምንም ሳትጠይቅ ልጇን ከአልጋው አንስታ ወጣች፤ ሰው ፊቷን አይቶ የሚገባው ነገር አለ። እትዬን ሁለት ሆነው ደግፈው አወጧቸው። አጎቷ የመጨረሻው ነበሩ። ሲወጡ በሩን ከልማዳቸው የተነሳ በቀስታ፣ እንግዳ የተኛበት ይመስል ቀስ አድርገው ዘጉት።

መንገድ ላይ ቆሙ። ከውጭ ሲያዩት ቤቱ ደኅና ነው፤ ምንም አይልም። ፎርማኑ ከቆርቆሮው በር ብቅ አለ፤ ሠራተኞቹ ጓንታቸውን እያደረጉ ነው፣ የማሽኑ ነጂ መቀመጫው ላይ ወጥቷል።

«አባባ፣ እረፍታችን አልቋል» አለ በትሕትና። «የልጅቷ ቀረጻ ገና ነው እንዴ? ገና ከሆነ ትንሽ እናቆይ።»

ቀላል መልስ ነበረ። «ገና ነው» ቢሉ ማሽኑ ትንሽ ይቆማል፤ ሶፋውን፣ ፍሪጁን፣ የልብስ ሰፊዋን መኪና ያወጣሉ፤ ማታ ደግሞ ጀሶ ገዝተው ይመለሳሉ፤ ማንም አይሰማ፣ ማንም አይመጣ። እትዬ ከኋላ ኮታቸውን ጎተት አድርገው «ገና ነው በለው፣ በሞቴ ገና ነው በለው» ይላሉ። ጎረቤቱ በየበሩ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። አጎቷ ማሽኑን አዩት፣ የልብስ ሰፊዋን ጀርባ አዩት፤ ጨቅላዋ እንቅልፍ ላይ ናት።

«ቀረጻ አይደለም» አሉ። «ቤቴ ሊወድቅ ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መንገዱ ሁሉ ሰማ። እትዬ የያዙትን ኮት ለቀው መሬት ቁጭ አሉ። ፎርማኑ እጁን ለነጂው አወዛወዘ፣ ማሽኑ ሳይነሳ ቀረ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አዞረና ደወለ። ለማዘጋጃ ቤት ነው የደወለው። ደንቡ ነው፤ ሰምቶ ዝም ካለ እሱ ይጠየቃል።

የማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ ምሳው ሳይወርድ መጣ። ደፍ ላይ ቆሞ አንገቱን ብቻ አስገባና ሳሎኑን አየ፤ ከዚያ በላይ አልገባም። ልጅቷ ስለ ብርጭቆው፣ ስለ አሸዋው፣ ስለ ጉድጓዱ ዳር ነገረችው፤ ራሱን እየነቀነቀ ሰማት፤ ጎበዝ ተማሪ እንደሆነችም ነገራት። ከመኪናው ቀዩን ቀለም አምጥቶ የግቢውን በር ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት ጊዜ አቋረጠው። አጎቷ ወረቀት ላይ እንዲፈርሙ ተጠየቁ፤ ፈረሙ።

«ጉድጓዱስ?» አሉት፣ እስክርቢቶውን እየመለሱለት።

«እሱ ሌላ ክፍል ነው፣ አባባ። የኔ ሥራ ሰው እንዳይጎዳ ነው።»

እውነቱን ነው፤ ሰው አልተጎዳም። ባለሙያው ሄደ። ጥላው እየረዘመ መጣ። ልብስ ሰፊዋ አንዷ ደንበኛዋ ቤት ለዛሬ ማደሪያ አግኝታለች፤ ሌሎቹን እስካሁን የጠራቸው የለም። እትዬ ጎረቤት ያወጣላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በሩ ተቆልፎ እንደሆነ ደጋግመው ይጠይቃሉ። ፎርማኑ እንደገና መጣ፤ ቆቡን በእጁ ይዟል።

«እህቴ፣ አሁን ሰው የለበትም ተብሎ ተጽፏል። መቀጠል ትችላላችሁ ብለውኛል። እኔ ግን…» ወደ ማሽኑ ዞር ብሎ አየ። «ቀረጻሽ ካላለቀ እጠብቅሻለሁ። የፈለግሽውን ያህል።»

ከልቡ ነበር። ለድምፅ ሲባል የሚደረግ ደግነት ሁሉ በእጁ ነበረ፤ ሌላው ነበር ያልነበረው። ልጅቷ ዓይኗ ቀልቷል። የምሳ ሰዓቱ ቀረጻ ተቋርጧል፤ ሊመሽም ነው። ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ ከፈተችና ያጠፋችውን ገጽ መለሰችው። «አራት ቤቶች» ያለችውን እየፈለገች «አምስት ቤቶች» አለችው። ከዚያ ስልኩን በአንድ ወንበር መደገፊያ ላይ፣ ከመንገዱ ማዶ አቆመችው፤ ከኋላዋ ቀይ የተሰረዘው በር፣ ከበሩ በላይ የሳሎኑ ጣሪያ፣ ከጣሪያው ጎን የማሽኑ ክንድ እንዲታዩ አድርጋ።

«ጀምሩ» አለችው።

«ድምፁ ያውክሻል እኮ።»

«ያውከኝ።»

ፎርማኑ ቆቡን ደፍቶ ሄደ። ልጅቷ ቁልፉን ተጫነች። ስሟን ተናገረች፣ ርዕሱን ተናገረች። ቤት አንድ ላይ ሳለች ማሽኑ ተነሳ፣ ድምጿን ከፍ አደረገች። ቤት ሁለት ላይ አጎቷ ሳይጠሩ መጥተው አጠገቧ ቆሙ፤ ኮታቸው ቆሽሿል፣ ክራባታቸው ግን እንደታሰረ ነው። ለስልኩ ምንም አልተናገሩም። ቤት ሦስት አለፈ። ስለ ነርሷ ቤት እየተናገረች ሳለ እግሯ ሥር መንገዱ ተንዘፈዘፈ፣ ከኋላዋ የሆነ ነገር ለረጅም ጊዜ ይዞት የቆየውን ትንፋሽ የለቀቀ ያህል ተሰማ። ዘወር አላለችም። በስክሪኑ ላይ የሳሎኑ ጣሪያ በአንድ ጎን ጎንበስ ሲል፣ ከዚያ ከነጭራሹ ከእይታ ሲወርድ፣ አቧራው በቀዩ በር ላይ ተነስቶ ሲመጣ አየችው። እትዬ እሪ አሉ። አጎቷ ክንዷን ያዙት። ማሽኑ ቆመ፤ መንገዱ ዝም አለ። አቧራው እሷና አጎቷ ላይ ደርሶ አለፈ። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ካሜራውን አየች።

«ቤት አምስት» አለች፣ «የአጎቴ ቤት ነበር።»